ቅጣቷን የወደደችው ተማሪ

አንድ መምህር ነበሩ፤ አስናቀ ይባላሉ። በአንዲት ትንሽ ከተማ ለአራተኛ ክፍል ልጆች አማርኛ ያስተምሩ ነበር። ሳይደናቀፍ ያነበበ ይጨበጨብለታል፤ የረበሸ ወጥቶ የግቢውን ችግኝ ውኃ ያጠጣል። ይህ ሥርዓት ትርሲት ከምትባል ተማሪ በቀር ለሁሉም ሠራ።

ትርሲት በሌሎች መምህራን ዘንድ ጨዋ ነበረች። የንባብ ተራ ወደ እሷ ሲቀርብ ግን ጠረጴዛ ትደበድባለች፤ ከፊቷ የተቀመጠችውን ልጅ ሹሩባ ትጎትታለች። መምህሩ ያስወጧታል፤ በማግስቱም ያው ነው። ቅጣቱን ሲያበዙባት እሷም ረብሻውን አበዛች። በመጨረሻ ሹሩባዋን የምትጎተተው ልጅ እናት መጥተው አቤት አሉ፤ ርእሰ መምህርቷም ትርሲትን ከትምህርት ቤቱ ለማሰናበት አሰቡ።

መምህር አስናቀን ግን አንድ ነገር ይከነክናቸው ነበር። የተቀጣ ልጅ አኩርፎ ወይም አልቅሶ ይወጣል። ትርሲት ስትወጣ ግን ፊቷ ይፈታል፤ በሩንም የምትዘጋው በቀስታ ነው።

"ጥቂት ቀን ይታገሱኝ" አሏቸው ርእሰ መምህርቷን። "ይህን ያህል ቀጥቻት ካልታረመች፣ ምናልባት እየቀጣኋት አይደለም።"

በሚቀጥለው የንባብ ክፍለ ጊዜ ትርሲት እንደ ልማዷ ረብሻ ወጣች። መምህሩ ለክፍሉ የሚጻፍ ነገር ሰጥተው ተከተሏት። ችግኞቹ አጠገብ ቁጭ ብላ አፈሩን በጣቷ ስትኮተኩት አገኟት። ጎንበስ ብለው፣ ሊቆጧት እንዳልመጡ ነገሯትና ከክፍሉ ይልቅ እዚህ የሚሻላት ለምን እንደሆነ ጠየቋት።

አፈሩን መኮትኮቷን አቆመች። ከዚያ "እዚህ ማንም አይስቅብኝም" አለች።

"እዚያስ ማን ሳቀብሽ?"

"ሁሉም። እርስዎም ስቀዋል፣ ጋሼ።"

መምህሩ አስታወሱ። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ትርሲት "ገበሬው በሬውን ጠመደ" የሚለውን "በሩን ጠመደ" ብላ አንብባ ነበር። ክፍሉ ሲያውካካ እሳቸውም አብረው ሳቁ። እሳቸው ወዲያው ረሱት፤ እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከንባብ የምታመልጥበትን መንገድ ስትፈልግ ነበር። መንገዱን የከፈቱላት ደግሞ ራሳቸው ናቸው።

ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቋት። እሷም ሹሩባዋን የጎተተቻትን ልጅ ይቅርታ ጠየቀች። በእረፍት ሰዓት ሁለቱ ጥቂት ጥቂት መስመር አብረው ያነቡ ጀመር። ጭብጨባውም ከዚያ ወዲህ ስህተቱን ራሱ አይቶ ላረመ ሁሉ ሆነ።

የትርሲት የንባብ ተራ ደረሰ። እጇ ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ። መምህሩ አላስወጧትም፤ ጠበቋት። ተነሥታ ማንበብ ስትጀምር ተደናቀፈች፤ ከኋላ አንድ ልጅ ሳቁን አፈነ። ትርሲት ንባቧን አቆመች። መስመሩ ላይ ጣቷን አሳርፋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እስከ መጨረሻውም አነበበች።

ርእሰ መምህርቷ በምን ቅጣት እንዳረሟት ጠየቋቸው።

"ከምን እንደምትሸሽ ጠየቅኋት እንጂ አልቀጣኋትም" አሉ።

ወዳጆቼ፣ ቅጣት ቅጣት የሚሆነው፣ ሽልማትም ሽልማት የሚሆነው በሰጪው ሐሳብ ሳይሆን በተቀባዩ ልብ ነው። እኛ ቅጣት ያልነው ለልጁ መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥፋቱ ሲደጋገም ቅጣቱን ከማክበዳችን በፊት ልጁ በዚህ ምን እንደሚያገኝ፣ ከምንስ እንደሚድን እንጠይቅ። በእናንተስ ቤት ወይም ክፍል ውስጥ ቅጣቱን የሚወድ ልጅ ይኖር ይሆን?