ከበር የተመለሰችው ሴት

ወገኖቼ፣ አንዲት እናት ነበረች። ደብሪቱ ትባላለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰፈሯ በታች ባለው ወንዝ ልብስ አጥባለች። ልጇም ትምህርት ቤት የምትሄደው ያንኑ ወንዝ ተሻግራ ነው።

ታዲያ የሰፈሩ ሰው የእግረኛ ድልድይ ሊሠራ ተነሣና ሰባት ሰው ለኮሚቴ መረጠ። ደብሪቱም ገባች። በሊቀ መንበሩ በጋሽ ወንድይፍራው ቤት ተሰበሰቡ። ጋሽ ወንድይፍራው ደግ ሰው ናቸው፤ ባሏ የሞተ ጊዜ ከጎኗ አልጠፉም።

«እኔ ከሾላው ሥር ይሁን ባይ ነኝ፤ ለሁሉም ይቀርባል። እናንተስ?» አሉ።

ሾላው ሥር! ሰኔ ሲገባ ጎርፉ ሾላውን እንደሚውጠው ደብሪቱ አሳምራ ታውቃለች። ግን አንዱ «እርስዎ እንዳሉ» አለ። ሌላውም «እንዳሉ» አለ። ተራው እሷ ዘንድ ደረሰ። ልጇ ታየቻት። የሰውየው ውለታም ታያት። ዝም አይነቅዝም ብላ፣ «እንዳሉ» አለች። በአንድ ድምፅ ጸደቀ፤ ተጨበጨበ።

ከበሩ ሲወጡ ምን ሆነ መሰላችሁ? አንዱ «ኧረ እዚያስ ውኃ ይወስደዋል» ብሎ አንሾካሾከ። «እኔም ፈርቻለሁ» አለ ሌላው። ለካ ስድስቱም ያውቁ ኖሯል! ቤት ውስጥ ስድስት አሜን ባይ፣ በር ላይ ስድስት ዐዋቂ!

ደብሪቱ ከበሩ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ቅድም ከልቤ አልነበረም። እዚያ ጎርፍ ይወጣል። ሌሎቹም ያውቃሉ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ታዲያ ፊት ለፊት ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አክብረንዎት ነው።»

«አክብራችሁኝ? ነገ ጎርፉ የሰው ልጅ ሲወስድ፣ አገር ሲረግመኝ፣ ያኔ ነው የምከበረው?»

በማግስቱ ሁሉንም መልሰው ጠሩ። «ዛሬ እኔ መጨረሻ ነኝ። ደብሪቱ፣ ወንዙን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ጀምሪ» አሉ። ተከራከሩ፤ እንዲያውም ተቆጣጡ። ድልድዩም ራቅ ብሎ ከቋጥኙ ላይ ተሠራ። በሰኔ ወንዙ ሾላውን እስከ ወገቡ ሲውጥ፣ የደብሪቱ ልጅ ከላይ ተሻግራ ፈተናዋን ተፈተነች።

እናንተስ? በዕድሩ፣ በመሥሪያ ቤቱ፣ በዚሁ በቤተ ክርስቲያናችን፣ ስንት ጊዜ እጃችሁን አውጥታችሁ ልባችሁን ደበቃችሁ? አንተ ሰብሳቢ የሆንኸውስ፣ ቀድመህ ስትናገር የስንቱን አፍ ዘጋህ? ዝም አይነቅዝም ትላላችሁ። አዎ፣ ዝምታችሁ አይነቅዝም፤ ድልድያችሁን ግን ጎርፍ ይወስደዋል።

አሁንም ስንወጣ በር ላይ ቆማችሁ የምታሙኝ አላችሁ፤ ዐውቃችኋለሁ። ከተናገርኩት ያልተዋጠላችሁ ካለ፣ እንደ ደብሪቱ ተመለሱ። በሩን አልዘጋም፤ እጠብቃችኋለሁ።