ጭቃ የለበሰው ጃርት

ተረት ተረት፤ «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ አንድ ሰው ከተገኘ ይበቃል።

ጃርት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እየወጣ እሾሁን ያንኮሻኩሽ ነበር። ድምፁ በደረቀ የበቆሎ ቅጠል ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል። የምትሰማው ግን አንዲት ዓይኗ የደከመ አሮጊት ኤሊ ብቻ ነበረች፤ ድምፁን ተከትላ ስታዘግም ትመጣለች።

ከማዶ ጦጣ ሆን ብላ ከዛፍ እየወደቀች ጫካውን ሁሉ ታስቃለች።

«አንተ እሾሃም!» አለችው። «ለአንዲት ኤሊ ስትንኮሻኮሽ ልታረጅ ነው? ተከታይ ከፈለግህ ውደቅ!»

ጃርት ብቸኝነቱ መርሮት ነበርና እሾሁን በጭቃ ለጥፎ ከድንጋዩ ይንከባለል ጀመር። አራዊቱ ጎረፉ። ስሙን የጠየቀው ግን የለም፤ «ትንሹ ጦጣ» ይሉታል።

አንድ ቀን ኤሊ መጥታ እግሩ ሥር ቆመች።

«ይቅርታ ልጄ፣ እዚህ አንድ ጃርት ነበር። ድምፁ ቢጠፋብኝ መንገድ ስቼ ሰነበትኩ። ታውቀዋለህ?»

«ድገመው! ድገመው!» ይላሉ አራዊቱ።

ጃርት አንገቱን ደፋ። ኤሊም «ሞቶ ይሆናል እንግዲህ» ብላ መንገድ ጀመረች።

ያን ጊዜ ጃርት ገላውን አራገፈ። የደረቀው ጭቃ ረገፈ፤ እሾሁም ተንኮሻኮሸ። አራዊቱ እያዛጉ ወደ ጦጣ ዛፍ ሄዱ፤ ድንጋዩ ዙሪያ ማንም አልቀረም። ኤሊ ብቻ መንገድ ላይ ቆም አለች። ዞራ እስክትመለስ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ ጃርትም እስክትደርስ ድረስ እሾሁን ማንኮሻኮሹን አላቋረጠም።