እጆቹ ላይ የተቀመጠው ሸማኔ

አንድ ሸማኔ ነበረ። ቆይ አንተ በላቸው፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ትንሹ ልጄ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖት አልተራመደም፣ ትልቁ ደግሞ የእህቱን ቀሚስ ለብሶ አላወልቅም ይላል፣ እንዴት አድርጌ ላስተካክላቸው ነው ያልከው። አንተን ራስህን ማስተካከል ያቃተው አጎትህ ምን ይመልስልሃል? ዝም ብለህ ስማ እንግዲህ።

አንድ ሸማኔ ነበረ። ቤቱ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እግሩን እዚያ ከትቶ፣ አፋፉ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሲረግጥና ሲወረውር ይውላል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። መንደሩ የሚለብሰው እሱ የሠራውን ነው። ይለብሱታል እንጂ አይቀርቡትም። ሸማኔ ዓይን አለው እያሉ፣ እሱ ብቅ ሲል ልጆቻቸውን ነጠላ ውስጥ ይሸሽጋሉ። ነጠላውን የሠራው ማን ሆነና!

ይሄ ሰው ሁለት ወንዶች ልጆች ቀብሯል። አንደኛው በስምንት ወሩ ሄደ። ሁለተኛው ግን ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ቀን ደጅ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ተነስቶ ቆመ። ጎረቤት አጨበጨበ፣ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ተባለ። በሳምንቱ ትኩሳት ያዘውና ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ሸማኔው እጁ ድሩ ላይ፣ ጆሮው ውጭ ነው። የሰው ልጅ በደጁ ሮጦ ሲያልፍ ከሰማ ሥራው ይቆማል። መወርወሪያውን እንደያዘ ይቀራል። የኔም እንዲህ እያለ በበር ቢገባና ጀርባዬ ላይ ዘሎ ቢወጣ፣ ይላል በልቡ። በሬ አልተመኘ፣ መሬት አልተመኘ፣ ሰውየው የተመኘው የእግር ኮቴ ነው።

ሦስተኛው ልጅ ተወለደ። ወንድ። ባልና ሚስት ተያዩና በሹክሹክታ መከሩ። እነዚያን የሰው ዓይን ነው የበላብን፣ ይሄኛውን ማንም አያውቀውም ተባባሉ። ለወንድ ሰባት ጊዜ እልል መባል ሲገባ፣ አዋላጇን ለምነው ሦስት ጊዜ ብቻ አስባሉ። ሴት ተወለደች ተባለ። በአርባ ቀኑ ጎህ ሲቀድ ተነስተው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ ማንም በማያውቃቸው ደብር ክርስትና አስነሱት። በሰማንያ ቀኑ ደግሞ ጎረቤቱን ጠርተው፣ የሴት ልጃችን ክርስትና ነው ብለው ደገሱ። አንድ ልጅ ይዘው ሁለት ልጅ የሚያህል ጣጣ አመጡ!

ልጁ ቀሚስ ለበሰ። ጸጉሩ ሲያድግ ሹሩባ ተሠራ። እሙዬ ተባለ። መሬት አይነካም። ውጭ ሲሆን እናቱ ጀርባ ላይ በአንቀልባ ነው። ቤት ሲሆን ከጉድጓዱ አጠገብ አጎዛ ላይ ይቀመጥና ወገቡ በመቀነት ከምሰሶው ጋር ይታሰራል። ሊድህ ሲል ያነሱታል። ሊቆም ሲልም ያነሱታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈው። ሌላ ሥራ ስለሌለው የአባቱን እግር ሲያይ ይውላል።

ሸማኔው የልጁን እግር ሲያይ ደግሞ ሆዱ ይባባል። ተረከዙ እንደተወለደበት ቀን ልስልስ ያለ ነው። ሲያጥበው በመዳፉ ይዞት ይቆያል።

«ማንም ሳያይ አንዴ ብቻ ባቆመውስ?» ይላታል ሚስቱን።

«ተው!» ትለዋለች። «ያኛው ሲቆም የሆነውን ረሳኸው እንዴ?»

ይተዋል። ልጄ ይሂድልኝ እያለ ይናፍቃል፣ እንዳይሄድ ደግሞ በገዛ እጁ ያስረዋል። እንደዚህ ያለ ጉደኛ አይተህ ታውቃለህ በላቸው? እኔ ይኸው አሁን እያየሁ ነው።

አንድ ቀን ሚስትየው ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። ሸማኔው የሙሽራ ልብስ ድር ወጥሮ ይሠራል፣ ወር ሙሉ የደከመበት ነው። መቀነቱ ላልቶ ኖሯል። ልጁ በቂጡ እየተንፏቀቀ መጣ፣ የተወጠረውን ድር በሁለት እጁ ጨመደደና፣ ብድግ! ክሩ ጠሽ ጠሽ እያለ ይበጠሳል፣ ልጁ ቆሟል። አባት አፋፉ ላይ እንደተቀመጠ ዓይን ለዓይን ገጠሙ።

በዚያው ቅጽበት ፈትል ያመጡ ሁለት ሴቶች በሩ ላይ ብቅ አሉ።

ሸማኔው የሁለተኛው ልጁ ቀን ተመልሶ የመጣ መሰለው። ልጁን ላፍ አድርጎ መሸፈን ነው እንግዲህ፣ ሁለት ዓመት የለመደው ነው። እጆቹ ተነሱ። የልጁ ፊት ግን በርቷል። ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ቀኙን ያነሳል፣ ይረግጣል። ግራውን ያነሳል፣ ይረግጣል። ከሥሩ ጉድጓድ የለ፣ የሚረገጥ እንጨት የለ፣ ባዶ መሬት ላይ ልክ እንደ አባቱ ይሸምናል። ሸማኔው ይሄን ሲያይ እጆቹን መለሳቸው። ከጭኑ ሥር ከተታቸውና ተቀመጠባቸው። ከጉድጓድ ቁፋሮው ሁሉ ይሄ ከበደው።

«ኧረ እሙዬ ቆመች!» አለች አንደኛዋ።

«ደግሞ እንደ አባቷ ትረግጣለች እኮ!» ሌላዋ ሳቀች። «አንቺ እሙዬ፣ ነይ ከኛ ጋር ጥጥ ፍተዪ፣ ይሄ የወንድ ሥራ ነው።»

ልጁ ዞር ብሎ አባቱን አየ። «እኔ እንደ አባ!» አለ።

«ወንድ ነው» አለ ሸማኔው። «ወንድ ልጄ ነው። እባካችሁ በደግ ዓይን እዩልኝ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ታላቂቱ ልትስቅ ስትል የሰውየው ፊት አሳዘናትና ተወችው።

«ወንድሜ፣ ወንድ መሆኑንማ ያን የድግስ ቀን ነው ያወቅነው። እናቱ ጨርቅ ስትቀይርለት ፊቴ ላይ ሸናብኝ እኮ!»

«መንደሩ በሙሉ ያውቃል» አለች ታናሺቱ። «ልባችሁ ይረፍ ብለን ነው እሙዬ የምንለው።»

ለካ ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲታይ ነው የኖረው። ታይቶም አልሞተ። የተጎዳው እግሩ ብቻ ነው፣ እሱንም የጎዳው የሰው ዓይን አይደለም።

ልጁ ድሩን ለቀቀና አንድ እርምጃ ወደ አባቱ ተራመደ፣ ዘጭ አለ። «ወፌ ቆመች!» አሉ ሴቶቹ እያጨበጨቡ። ያቺን ቃል ሸማኔው ከሰማት ዓመታት አልፈዋል። ጆሮውን ሊደፍን ፈለገ፣ እጆቹ ግን ከጭኑ ሥር ናቸው። እያንገሸገሸው ሰማት። ልጁ እጁን መሬት ላይ ተክሎ ተነሳ።

ሚስትየው ስትመለስ የሆነውን ሰምታ ደረቷን መታች። ሳምንቱን ሙሉ መዳፏን ከልጁ ግንባር ላይ አላነሳችም። ሸማኔውም አልሠራም፣ ከጎኗ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስምንተኛው ቀን ሲነጋ ልጁ ከእጇ ስር ሾልኮ ወጥቶ ዶሮ ሲያባርር አገኙት።

ሹሩባውን ሊፈቱለት ሲሉ ግን ጮኸ። ቀሚሱን ሊያወልቁለት ሲሉ መሬት ላይ ተንከባለለ። እናቱ ልትቆጣው ስትል ሸማኔው ተዪው አላት። በቀሚሱ እየሸመነ፣ በሹሩባው እየዘለለ ከረመ። አንድ ቀን አጥር ላይ ሲወጣ ቀሚሱ ጠልፎ ጣለው። ተናዶ አወለቀና ወርውሮት ራቁቱን ገባ። «ሱሪ የት አለ?» አለ። ያስተማረው ሰው የለም።

አንድ ነገር ብቻ ሸማኔውን አልለቀቀውም። ልጁ ሲድህ አላየውም። ጊዜው ሲደርስ አስሮታል፣ ሲፈታው ደግሞ ጊዜው አልፏል። አንዳንዴ ሥራውን ትቶ፣ «ና እስቲ፣ ለአባትህ አንዴ ዳህለት» ይለዋል። ልጁ የት ቆሞ ሊሰማው! ይሮጣል። አንድ ቀን ታዲያ ሸማኔው ራሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ እንዲህ ነው እያለ በቤቱ ውስጥ ዳኸለት። ልጁ በሳቅ ፈረሰ። ዘሎ ጀርባው ላይ ወጣና፣ ሂድ በቅሎ አለው። ያ ሁሉ ዓመት የተመኘው ነገር ጀርባው ላይ ተቀምጧል። እሱ ግን ያላየውን እያሰበ ነበር የሚድኸው።

እና በላቸው፣ ሸማኔው አንተ ነህ። ሙያው ነው የቀረህ እንጂ ፍርሃቱስ ሞልቶሃል። ትንሹ ልጅህ እግሩን የሚያገኘው መሬት ላይ ስትለቀው ነው። ትልቁም እንደዚያው ነው፣ አንተንም እናቱንም እህቱንም እያየ፣ እየለበሰ እያወለቀ፣ ማን እንደሆነ ራሱ ይደርስበታል። ያኛውን ልጅ ቀሚሱ ሴት አላደረገውም፣ ወንድ ያደረገውም ሱሪው አይደለም። ጊዜ ስጣቸውና አጠገባቸው ቁጭ በል። ይኸው እኔ እያወራሁ ልጁን አራት ጊዜ ከመሬት አነሳኸው! አውርደው። ይውደቅ፣ አይሰበርም።

አንተን ስትድህ ያየሁህ እኔ ነኝ። አባትህ በሰው አገር መንገድ ሥራ ላይ ነበር፣ ሲመለስ በር ድረስ ሮጠህ ነው የተቀበልከው። ይሄው አባትህ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬም ስንገናኝ፣ «ሲድህ ቀኝ እጁን ነበር የሚያስቀድመው ወይስ ግራውን?» እያለ ይጠይቀኛል።