ጭስ ቆጣሪው

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ጭስ መቁጠር ነበር።

አትሳቅ። ጥያቄህን አልዘነጋሁትም። የሚያጨስ ነገር በሚያነድ ሁሉ ላይ ግብር ይጣል የሚሉና አይጣል የሚሉ ሰዎች በሬዲዮ ሲሟገቱ ሰምተህ፣ «የኔታ፣ የትኛው ነው ልክ?» ብለኸኛል። አንተ ደግሞ ከተማ ገብተህ ደንብ ከሚያረቁት ጋር ልትሠራ ነውና ጥያቄው የጨዋታ አይደለም። እንግዲያው ቁጭ በልና ስማኝ፤ በመሀል እንዳታቋርጠኝ።

ሰውየው የሚኖረው ብርድ በሚበረታበት ደጋ ነው፤ ከገብስ በቀር ሌላ እህል በማይበቅልበት። ከመንደሩ በላይ ደን ነበር፤ ከደኑ ሥር ምንጭ ይፈልቃል፤ ሰዉም ከብቱም የሚጠጣው ከዚያ ነው። ሰው በዛ፣ ምድጃ በዛ፣ መጥረቢያ በዛ። ደኑ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ እየሸሸ ሄደ፤ ምንጩም ቀጠነ። ሴቶቹ እንስራቸውን ደቅነው ግማሽ ቀን ይቆሙ ጀመር።

ያን ጊዜ ሸንጎ ተጠራ። አንድ ባለጸጋ ተነሣና፣ «እንጨት ያነደደ ሁሉ ይክፈል! ካልከፈለ አይተውም። ደኑ ካለቀ ልጆቻችን ምን ሊጠጡ ነው?» አለ። እውነቱን ነው። ሌላ ባለጸጋ ተነሣና፣ «ድሃው በምን ይሙቅ? በምንስ ያብስል? ይህ ግብር የሚወድቀው በድሃው ጫንቃ ላይ ነው!» አለ። እሱም እውነቱን ነው። ሁለቱ ሲሟገቱ ሰነበቱ። ሰው ሁሉ ሥራውን ፈትቶ ያዳምጣቸው ነበር፤ አንደበታቸው ይጣፍጣላ!

በመጨረሻ እንዲህ ተባለ። ጭሱ የበዛ ቤት ብዙ ገብስ፣ ጭሱ ያነሰ ቤት ጥቂት ገብስ ወደ መንደሩ ጎተራ ያግባ። ለመስቀል ጎተራው ይከፈትና ለቤቱ ሁሉ እኩል ይታደል። እንዲህ ከሆነ ጥቂት ያጨሰ ካገባው በላይ ይወስዳል፣ ብዙ ያጨሰ ይጎድልበታል፣ ደኑም ያርፋል። ስትሰማው ምን ይወጣለታል? እኔም በቦታው ብኖር እጄን አወጣ ነበር።

ቆጣሪ ያስፈልጋልና ይህን ሰው መረጡት። ዓይኑ ሩቅ ያያል፤ ለማንም አያደላም፤ ሲዋሽ የሰማው የለም። ኮረብታው ላይ ቆሞ ጠዋትና ማታ በየሣር ክዳኑ የሚወጣውን ጭስ እያየ ለሸንጎው ይናገራል። ሥራውን ወደደው። ዕድሜውን ሙሉ ማንም ከቁም ነገር ሳይቆጥረው ኖሮ አሁን ሰው ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ሆነ፤ አይፈረድበትም።

አሁን ልብ በል። ያ ለደኑ የተሟገተው ባለጸጋ ከቆላ በአህያ ከሰል ያስመጣ ጀመር። ከሰል አያጨስም። ዛፉ የወደቀው ቆላ ነው፣ ጭሱ የወጣው ቆላ ነው፤ የእሱ ጣሪያ ግን ንጹሕ። ቆጣሪው ያየውን ተናገረ፤ ሸንጎውም ባለጸጋውን አመሰገነ። ያ ለድሃ የተሟገተው ደግሞ በበጋ ያስከመረው ደረቅ እንጨት ሞልቶታል። ደረቅ እንጨት ጭሱ ስስ ነው። ክረምት ሲገባ ጭሱ ጠቁሮና ወፍሮ የሚታየው የማን ቤት ይመስልሃል? እርጥብ ቅጠልና የራሰ ኩበት የሚማግደው የድሃው ቤት ነዋ! አይ ሰው! እንጨቱን ትተው ጭሱን ቆጠሩ።

ለቆጣሪው ጎረቤት የሆነች እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ለአረም ሥራ ቆላ ወርዷል፤ እሷ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ያላትን ገብስ ለጭሱ አግብታ አግብታ ጎታዋ ባዶውን ቀርቷል። አንድ ማለዳ ሆዷን ደግፋ ኮረብታውን ወጣች።

«ጋሽዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለችው። «የኔን ቤት እንዳላየህ ብትሆንልኝ? ወልጄ እስክነሣ ብቻ።»

«እንጉዳይ፣ አንቺን ካለፍኩ ሌላውን በምን ዓይኔ አያለሁ?» አላት። አዝኖላት ነበር፤ ግን ለስሙ ፈራ። «ደግሞ ከስረሽ አትቀሪም እኮ። ለመስቀል ድርሻሽን ትወስጃለሽ።»

«እሱንማ እወስዳለሁ» አለች። «እስከ መስቀል ድረስስ?»

 ዓይኑን ወደ ጣሪያዎቹ መለሰ፤ እሷም ዳገቱን እየተንገዳገደች ወረደች።

በነሐሴ ወንድ ልጅ ወለደች። በዚያ አገር አራስ ስትጠየቅ ገንፎ ብቻ ይዞ መግባት ነውር ነው፤ እንጨትም ይያዛል። ምንም የሌለው እንኳ አንድ ጉማጅ በብብቱ አያጣም። የአራስ ቤት እሳት የሚነድደው በጎረቤት እንጨት ነበር፤ ከጥንት ጀምሮ ደንባቸው ነው። በዚያ ክረምት ግን ሴቶቹ ተመካከሩ። «እንጨት ብንወስድላት ጭሱ የሚቆጠረው በእሷ ላይ ነው። ገብስ የላት፣ ምን ልታገባ ነው? ዕዳ አናስገባት» ተባባሉ። አዝነውላት ነው እንጂ ተንኮል የለበትም። ገንፎውን ብቻ ይዘው ገቡ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው፣ ልጁን መርቀው ወጡ። እሷም እንጨት አምጡልኝ ማለት አፈረች።

ቆጣሪው ከኮረብታው ላይ ሆኖ የእንጉዳይ ጣሪያ ማጨስ ማቆሙን አየ። በማግስቱም ጭስ የለም። ደስ አለው! ያን ዕለት ባዶ እጇን የመለሳት ነገር ሲከነክነው ሰንብቶ ነበርና፣ «ተመስገን፣ ብልሃቱን አገኘችው» አለ በልቡ። ለሸንጎው ተናገረ። ለደኑ የተሟገተው ባለጸጋ አጨብጭቦ፣ «አያችሁ? አራስ እንኳ ሳትቀር ቆጠበች! ደንቡ ሠራ!» አለ። ሰዉም «ጎሽ!» አለ።

ቆጣሪው ምስጋናውን ራሱ ሊነግራት ወደ ቤቷ ሄደ። ዝናቡ ይወርዳል። ከደጅ ሆኖ «ቤቶች!» አለ፤ የሚመልስ የለም። ገባ። ምድጃው ውስጥ፣ አመዱ ላይ፣ ድመት ተኝታለች። እንጉዳይ ያላትን ጨርቅ ሁሉ፣ የባሏን ቡልኮ ሳይቀር፣ ደራርባ ልጁን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

ሸንጎው አመሰገነሽ ሊላት የመጣውን ትቶ ቀረባት።

«ጋሽዬ፣ ዝም አለብኝ» አለችው። «ከጠዋት ጀምሮ አልጠባም። ተኝቶ ነው፣ አይደል? ተኝቶ ነው በለኝ እንጂ!»

እጁን ሰዶ ልጁን ዳሰሰው። ቀዝቅዟል። ሰውየው የበሩን መቀርቀሪያ ነቅሎ ሰበረ፣ የገዛ ዱላውን ሰበረ፣ ከጎረቤት እሳት ጭሮ እየሮጠ መጣና አነደደ። ቤቱ ሞቀ። ምን ያደርጋል! ልጁ ከሞተ ቆይቷል።

ከቀብር መልስ ሸንጎው ተቀመጠ። ለድሃ የተሟገተው ባለጸጋ እንባውን እያበሰ፣ «ይህን ልጅ የገደለው ግብሩ ነው! አላልኳችሁም?» አለ። የደኑ ጠበቃ ደግሞ፣ «የገደለው የደኑ ማለቅ ነው! ደኑ እንደ ድሮው ደጃችን ቢሆን ኖሮ እናቱ እንጨት ባላጣች!» አለ። ይህም እውነት ነው፣ ያም እውነት ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ሕፃኑን ሞቶ እንኳ ለሙግታቸው ማገዶ አደረጉት።

ቆጣሪው ከዳር ተነሣ። «እርስዎ ቤት እንጨት ተከምሯል። እርስዎም ቤት ከሰል በጆንያ ሞልቷል። እኔ ደግሞ ከላይ ሆኜ ቤቷን በየቀኑ አየው ነበር። ከሦስታችን አንድ ጉማጅ ይዞ የገባላት ማነው?» አላቸው።  ሁለቱ ባለጸጎች ሙግቱን ካቆሙበት ቀጠሉ።

መስቀል ደረሰ። ጎተራው ተከፈተ፤ ቃላቸውን አላጠፉም፣ ለቤቱ ሁሉ እኩል አደሉ። እንጉዳይንም ጠርተው ሙሉ ድርሻዋን ሰፈሩላት። ገብሱን አየችው፣ አየችውና እዚያው ትታው ወደ ባሏ ቆላ ወረደች። ከዚያ ሰዉ ግብሩን ጠልቶ አስነሣው፤ ግብሩ ሲነሣ መጥረቢያው ሁሉ ወደ ደኑ ወጣ። ዛሬ ብትሄድ ደኑም የለ፣ ምንጩም የለ፣ መንደሩም የለ። ሰዉ ተበትኗል።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ አንተ ልመለስ። ሁለቱ ባለጸጎች በሬዲዮ የሰማሃቸው ተሟጋቾች ናቸው። የትኛው ልክ ነው ላልከኝ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ልክ እንደሆኑም ልጁን ቀበሩት። እንጉዳይ በየሰፈሩ አለች፤ ጋዙ ሲወደድባት፣ ከሰሉ ሲወደድባት ሌላ የምታነደው የሌላት እሷ ናት። ጭስ ቆጣሪው ደግሞ አንተ ነህ። አትቆጣ፤ ክፉ ነህ አላልኩህም። እሱም ክፉ አልነበረም።

አየሩ ታሟል፤ ዝም ከተባለ ሁላችንንም ያጠፋናል። ስለዚህ ግብር አይጣል አልልህም። ብቻ ደንቡ ወጥቶ ከወራት በኋላ፣ «ጭሱ ቀነሰ፣ ደስ ይበልህ» ብለው ሲነግሩህ ቶሎ ደስ አይበልህ። የቆጠበው ሰው ቤትና ሰው የሞተበት ቤት ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። ወርደህ ካልገባህ አትለያቸውም።