አበጋዝን አላሳይ ያለው ቴሌቪዥን

ተረት ልጀምር ነው፤ የምትሰሙ ጠጋ በሉ፣ የማትሰሙም አትንጫጩ።

በኮምቦልቻ ከተማ እትዬ የኋላሸት የምትባል እናት ነበረች። አንድ ልጅ አላት፣ አበጋዝ ይባላል። አበጋዝ ኳስ ተጫዋች ሆኖ ባሕር ማዶ ከሄደ ስድስት ዓመት ሆነው። ስልኳ ድምፁን እንጂ መልኩን አያመጣላትም። ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ የልጇ ቡድን እንደሚጫወት ሰማች። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ ፊቱን አንድ ጊዜ ማየት ብቻ ፈለገች። ዱካዋን አንጠልጥላ ኳስ ወደሚያሳየው ወደ ጋሽ ውብሸት ግሮሰሪ ሄደችና ከቴሌቪዥኑ ፊት ዱካዋ ላይ ቁጭ አለች። ቴሌቪዥኑ ግን ጨልሟል።

«ቴሌቪዥን፣ ልጄን አሳየኝ» አለችው።

«አላሳይም። ካርዱ ካልከፈተኝ እኔ ምን አቅም አለኝ?»

ካርዱ ሪሲቨሩ ውስጥ ተሰክቶ ተኮራምቷል።

«ካርድ፣ ቴሌቪዥኑን ክፈትልኝ። ቴሌቪዥኑ ልጄን አላሳይ አለ፣ እኔም አበጋዝን ሳላየው ስድስት ዓመቴ።»

«አልከፍትም። እኔ ከጎረቤት አገር የመጣሁ፣ ለመኖሪያ ቤት የተሸጥኩ ካርድ ነኝ። ግሮሰሪ ውስጥ እንዳልሠራ ሕጉ ይዞኛል።»

ጋሽ ውብሸት ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ «እኔስ የምተኛው እዚሁ ጓዳ ውስጥ አይደል? ይኸው መኖሪያ ቤቴ!» አለ። ካርዱ አልሳቀም።

እትዬ የኋላሸት ወደ ሕጉ ሄደች። ሕጉ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ በወፍራም መጽሐፍ ነው የሚኖረው።

«ጌታዬ ሕግ፣ ካርዱን ልቀቅልኝ። ካርዱ ቴሌቪዥኑን አልከፍት አለ፣ ቴሌቪዥኑ ልጄን አላሳይ አለ፣ እኔም አበጋዝን ሳላየው ስድስት ዓመቴ።»

ሕጉ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም አዘነላት። «እናቴ፣ አልለቅም። ጨዋታው ባለቤት አለው። ሳይፈቅድ ለሕዝብ ቢታይ የሰው ንብረት መውሰድ ነው። የማሳየት መብቱን የገዛው ድርጅት ፈርሞ ይላክልኝና ወዲያው እለቃለሁ።»

ድርጅቱ ያለው ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። እሷ ባሕር አትሻገርም፤ ልመናዋን ግን ማን ይከለክለዋል? ወደ ግሮሰሪው ተመልሳ ጣሪያው ላይ ላለው ዲሽ ነገረችው። ዲሹ ዕድሜውን ሙሉ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ሲቀበል እንጂ ሲልክ ታይቶ አያውቅም። ለእሷ ሲል ግን ላከ።

«ድርጅት፣ ለሕጉ ፈርምልኝ። ሕጉ ካርዱን አልለቅ አለ፣ ካርዱ ቴሌቪዥኑን አልከፍት አለ፣ ቴሌቪዥኑ ልጄን አላሳይ አለ፣ እኔም አበጋዝን ሳላየው ስድስት ዓመቴ።»

ድርጅቱ በደብዳቤ መለሰ፦ «ለተከበሩ ደንበኛችን፦ አልፈርምም። ሊጉ ጨዋታውን የሸጠልኝ የት የት እንደሚታይ ዘርዝሮ ነው፤ ኮምቦልቻ የሚል አላገኘሁበትም።»

«ሊግ፣ ለድርጅቱ ፍቀድልኝ። ድርጅቱ ለሕጉ አልፈርም አለ፣ ሕጉ ካርዱን አልለቅ አለ፣ ካርዱ ቴሌቪዥኑን አልከፍት አለ፣ ቴሌቪዥኑ ልጄን አላሳይ አለ፣ እኔም አበጋዝን ሳላየው ስድስት ዓመቴ።»

«አልፈቅድም» አለ ሊጉ። «ጨዋታው የክለቦቹ አደራ ነው። ክለቡ ራሱ ይንገረኝ።»

አሥር ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ሆነ። እትዬ የኋላሸት ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ታፍተለትላለች።

«ክለብ፣ ለሊጉ ንገርልኝ። ሊጉ ለድርጅቱ አልፈቅድ አለ፣ ድርጅቱ ለሕጉ አልፈርም አለ፣ ሕጉ ካርዱን አልለቅ አለ፣ ካርዱ ቴሌቪዥኑን አልከፍት አለ፣ ቴሌቪዥኑ ልጄን አላሳይ አለ፣ እኔም አበጋዝን ሳላየው ስድስት ዓመቴ።»

«አልናገርም» አለ ክለቡ። «ሜዳው የእኔ ነው፣ ማሊያው የእኔ ነው። ሩጫው ግን የተጫዋቹ ነው። እሱ ዝም ብሎ እኔ ምን አገባኝ?»

መልእክቱ ዞሮ ዞሮ መልበሻ ክፍል ገባ። እዚያ አንድ ዝምተኛ ተጫዋች ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል። እንዲህ የሚል ሰማ፦

«ልጄ፣ አንድ ቃል ተናገርልኝ። ክለቡ ለሊጉ አልናገር አለ፣ ሊጉ ለድርጅቱ አልፈቅድ አለ፣ ድርጅቱ ለሕጉ አልፈርም አለ፣ ሕጉ ካርዱን አልለቅ አለ፣ ካርዱ ቴሌቪዥኑን አልከፍት አለ፣ ቴሌቪዥኑ አንተን አላሳይ አለ፣ እኔም አንተን ሳላይህ ስድስት ዓመቴ።»

አበጋዝ እጁ ክሩ ላይ ቀረ።

«እማዬ አታየኝም ነበር?» አለ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ኳስ በነካሁ ቁጥር፣ እማዬ ታየኛለች እያልኩ ነበር እኮ የምሮጠው።» ያሰረውን ጫማ ፈታው። «እሷ ካላየችኝ አልወጣም።»

ያኔ ጉድ ፈላ! ክለቡ ደንግጦ ለሊጉ ነገረ፣ ሊጉ ለድርጅቱ ፈቀደ፣ ድርጅቱ «እኚህ እናት በግሮሰሪው ተቀምጠው እስካሉ ድረስ ይታይ» ብሎ ለሕጉ ፈረመ፣ ሕጉ ደስ እያለው ካርዱን ለቀቀ፣ ካርዱ ቴሌቪዥኑን ከፈተ፣ ቴሌቪዥኑም ቦግ አለ።

ሃያ ሁለት ሰው ይራወጣል፤ እትዬ የኋላሸት ማንን ከማን ትለይ? ወዲያው ግን አንዱ ጎንበስ አለና በሁለት እጁ የግራ ካልሲውን ብቻ ወደ ላይ ሳብ አደረገ። በልጅነቱም የግራው ነበር የሚወርድበት።

«አበጋዜ! ከሳህ እኮ» አለች። ተነሥታ ሄዳ በነጠላዋ ጫፍ የቴሌቪዥኑን መስተዋት አቧራ ከፊቱ ላይ ጠረገችለት። ኳስ ሊያይ ከተሰበሰበው ሰው «ጋርደሽናል» ያላት የለም። ኳሱ ወዴት እንደሄደ፣ ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሲያልቅ አበጋዝ ወደ ካሜራው መጥቶ እጁን አውለበለበ። እሷም አውለበለበች። ከዚያ እጇን ዝቅ አድርጋ ወደ ጋሽ ውብሸት ዞረች።

«ውብሸት፣ እሱስ በየትኛው ቴሌቪዥን ነው እኔን የሚያየኝ?»

ጋሽ ውብሸት ወጣ ብሎ ጣሪያው ላይ ያለውን ዲሽ ቀና ብሎ አየ። ተረቴ እዚህ ያበቃል። ዱካዋን ግን ከዚያ ቦታ አታንሱባት።