ቀና ብሎ ያላየው ውል አዋዋይ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ውል አዋዋይ ነው። ሰዎች ቤት ሲሸጡ፣ ውክልና ሲሰጡ እሱ ፊት ቀርበው ይፈርማሉ፤ እሱም አረጋግጦ ማኅተም ይመታል። ጉቦ የማይበላ፣ ጨዋ ሰው ነበር። ይህን ያዙልኝ ወገኖቼ፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ እስከ ደረጃው ወርዷል። ሰውየው ደክሞታል። ባልና ሚስት ነን ያሉ ሁለት ሰዎች ቤት ሊሸጡ ከገዢው ጋር ቀረቡ። የቤቱ ካርታ አለ፤ የሁለቱም መታወቂያ አለ።

«ወይዘሮ ደብሪቱ እርስዎ ነዎት?» አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ።

«አዎ።»

«ለመሸጥ ተስማምተዋል?»

«ተስማምቻለሁ።»

ፈረሙ። ማኅተሙን መታና «ቀጣይ!» አለ።

ሴትዮዋ ግን የደብሪቱን መታወቂያ ያዘች እንጂ ደብሪቱ አልነበረችም። ደብሪቱ መታወቂያዋን ቤት ትታ፣ ገጠር ወርዳ የታመመች እናቷን ታስታምም ነበር። እናቷን ቀብራ ስትመለስ ቁልፏ በሩን አልከፍት አላት። አንኳኳች። የማታውቃት ሴት ሕፃን ታቅፋ ወጣችና «ማንን ፈልገው ነው?» አለቻት። በገዛ ቤቷ ደጃፍ! ባሏ ቤቱን ሸጦ ጠፍቷል።

ደብሪቱ ከሰሰች። ዳኛው ውል አዋዋዩን ጠየቁት፤ «የመታወቂያውን ፎቶ ከሴትዮዋ ፊት ጋር አመሳክረዋል?»

«ሰነዱ የተሟላ ነበር፣ ክቡር ዳኛ።»

«ስለ ሰነዱ አይደለም የጠየቅኩዎት።»

«ደክሞኝ ነበር። ተንኮል ግን አላሰብኩም» አለ።

«እናምንዎታለን» አሉ ዳኛው። «ነገር ግን ፊቷን ማየት ሥራዎ ነበር። ቸልተኝነትዎ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነዎት።»

ውሉ ፈረሰ። ቤቱ ለደብሪቱ ተመለሰ፤ ምንም ያላጠፉት ገዢዎች ከነሕፃናቸው ወጡ። ውል አዋዋዩ ካሳ እንዲከፍል ተፈረደበት፤ ከሥራውም ተሰናበተ።

ከችሎት ሲወጡ ደብሪቱን ተከትሎ «ይቅር ይበሉኝ» አላት። ቆማ አየችውና እንዲህ አለችው፤ «ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ጠልቼዎት ባረፍኩ። እርስዎን ግን ምን ብዬ ልጥላዎት?»

ወገኖቼ፣ እኛስ? እኛም ደክሞናል አይደል? አውቃለሁ፤ ደክሞናል። ኑሮው ያደክማል፣ ሰውም ያደክማል። መድከም ኃጢአት ነው አላልኳችሁም። ግን በደከመ እጃችሁ የምትፈርሙት የማን ሕይወት ነው? አንቺ መርፌ የምትወጊ፣ የበሽተኛውን ስም አረጋግጠሻል? አንተ ለሽምግልና የተቀመጥክ፣ ጥግ ላይ ዝም ያለችውን ሚስት ጠይቀሃታል? ወይስ ባልየው ሲናገር ሰምተህ «ታርቀዋል» ብለህ ተነሣህ?

«ክፉ አላሰብኩም» እንላለን። እውነት ነው፤ አላሰብንም። ምንም አላሰብንም፣ ጉዳቱም እሱ ነው።

ከደከማችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡት። «ዛሬ አልቻልኩም፣ ነገ ይምጡ» በሉ። ሰው ያኮርፋችሁ ይሆናል፤ ያኩርፍ።

ነገ ሥራ ስትገቡ አንድ ሰው ፊታችሁ ይቆማል። ቀና ብላችሁ ፊቱን እዩት፤ ስሙን ጠይቁት። ጠይቃችሁም እስኪመልስላችሁ ጠብቁ።