የጦጣዋ ነፃ አገልግሎት

ተረት ተረት፣ ጆሯችሁ ይሁን በረት!

ጌቶቻቸው የጣሏቸው እንስሳት፣ አንዲት አህያና እግሯ የተሰበረ ግልገልም ጭምር፣ የተጠለሉበት አንድ በረት ነበር። በረኛውም የገብሳቸው ጆንያ ጠባቂም ውሻ ነው፤ እሱም አንዴ የተጣለ ስለሆነ ማንንም አያምንም። አንድ ቀን እመት ጦጣ መጥታ፣ «በነፃ ላገልግል፤ የአህያዋን መዥገር ልልቀምላት» አለች።

«ጦጣ ደግሞ በነፃ? ዓይንሽ ያለው ገብሱ ላይ ነው!» አለ ውሻው። ቢያስገባትም እግር በእግር ይከተላት ጀመር።

አንድ ምሽት ጦጣዋ አህያዋ ጀርባ ላይ ሆና መዥገር ስትለቅም፣ ጅብ በአጥሩ ሽንቁር አንገቱን ሲያስገባ አየች። «አያ ውሻ፣ ጅብ መጣ! ወደ አጥሩ ሩጥ!» ብላ ጮኸች።

«እኔ ስሄድ ገብሱን ልትዘርፊ! አልታለልም» ብሎ ከጆንያው አጠገብ ንቅንቅ አላለም። ወዲያው እግሯ የተሰበረው ግልገል ጮኸች። ሮጦ ሲደርስ ጅቡም ግልገሏም የሉም።

በማግስቱ ጦጣዋ መጣች። አህያዋ ተገርማ፣ «ያን ሁሉ ተናግሮሽ ደግሞ መጣሽ?» አለቻት።

«መዥገሩ መች አለቀና?» አለች ጦጣዋ።

ውሻው ሰማ፤ ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልቻለም። የገብሱን ጆንያ እሷ ዘንድ ትቶ ሄደና፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ሽንቁሩ ላይ ተኛ።